ኪስ የሌለው ጠላቂ

ሊቁ፦ ዓሣ ኪስ አለው? አለው ወይስ የለውም? እሱን ብቻ መልስልኝ!

ኮሮጆ፦ የለውም።

ሊቁ፦ በቃ፣ ጨረስን!

ኮሮጆ፦ ቁልፍ ስለማይዝ ይሆናል። ቤቱ በር የለውም።

[የጠላቂዎች ልብስ መቀየሪያ ክፍል ነው። ወለሉ እርጥብ፣ አግዳሚ ወንበሩ አንካሳ፣ ግድግዳው የጎማ ልብስ ብቻ። የጀልባ ሆድ በመፋቅ የሚተዳደሩ ሁለት አማቾች ተቀምጠው ይለብሳሉ። አንዱ የሌላውን እህት አግብቷል፤ ባልየው «ሊቁ» ይባላል፤ ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። የሚስትየው ወንድም ያገኘውን ሁሉ ስለሚያጭቅ «ኮሮጆ» ይሉታል፤ እሱን ያወጣለት ሊቁ ነው። ጭናቸው ላይ የአየር ሰደሪያቸውን ይዘዋል፤ ሲነፋ ሰውን ወደ ላይ የሚያነሣ፣ ሲተነፍስ የሚያወርድ ሰደሪያ ነው። የኮሮጆው በኪስ ብዛት አብጧል። የሊቁ ግን ዛሬ ጠዋት ልብስ ሰፊ ዘንድ ደርሶ ከኪስ ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል።

ዛሬ ፈተና ነው። ካሁን በኋላ ፈቃድ የሌለው ሰው ውሃ አይገባም። ሊቁ ሁለት ጊዜ ወድቋል፤ ሦስተኛው የመጨረሻው ነው። ከወደቀ ዕድሜ ልኩን መጋዘን ውስጥ ገመድ ሲጠቀልል ይኖራል። ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ጮክ ብሎ የሚያወራውም ለዚሁ ነው።]

ሊቁ፦ መጽሐፉ ገጽ አርባ ሁለት ላይ ምን ይላል? «ሰደሪያ ላይ የሚንጠለጠል ትርፍ ነገር ሁሉ ውሃ ይይዘዋል፤ ጠላቂውን ያዘገየዋል።» አየህ? ኪስ ጠላት ነው።

ኮሮጆ፦ ገጽ አርባ ሦስትስ?

ሊቁ፦ እዚያ አልደረስኩም። ለምን እደርሳለሁ? ነገሩ አርባ ሁለት ላይ አልቋል።

ኮሮጆ፦ እኔ እንኳ መዘግየቱ አይከፋኝም። ከውሃ በታች ቀጠሮ ያለኝ ሰው የለም።

ሊቁ፦ አንተማ ከውሃ በላይም ዘግይተሃል። እስቲ አውጣው፣ ያጨቅከውን ጉድ ልየው።

[ኮሮጆ ታዛዥ ነው። አንድ በአንድ እያወጣ አግዳሚው ላይ ይደረድር ጀመር።]

ኮሮጆ፦ ይቺ ቢላዋ ናት። ድንገት ገመድ ከጠለፈኝ ብዬ።

ሊቁ፦ ዓይን ያለው ሰው ገመድ አይጠልፈውም።

ኮሮጆ፦ ይሄ ብርቱካናማ ፊኛ ነው። ከጀልባው ርቄ ከወጣሁ ነፍቼ አቆመዋለሁ፤ ያዩኛል።

ሊቁ፦ እኔ ከጀልባ አልርቅም።

ኮሮጆ፦ ባለፈው ርቀህ...

ሊቁ፦ ጀልባው ነው የራቀው!

ኮሮጆ፦ እሺ። ይቺ ደግሞ መጻፊያ ሰሌዳዬ ናት።

ሊቁ፦ [ተቀብሎ ያነባል] «ዝም በል።» ይሄን ለማን ነው የጻፍከው?

ኮሮጆ፦ ለአንተ።

ሊቁ፦ ውሃ ውስጥ እንዴት አድርጌ ነው የምናገረው? አፌን መተንፈሻ ሞልቶት!

ኮሮጆ፦ በእጅህ ትናገራለሃ። ባለፈው ስለ ዝገት ስታስረዳኝ አየሬ ሊያልቅ ነበር።

ሊቁ፦ ይሄስ? ኧረ ማንኪያ ነው እንዴ?

ኮሮጆ፦ ከአንድ ጀልባ ሥር ያገኘሁት ነው። ባለቤቱ ቢመጣ ብዬ።

ሊቁ፦ መቼ ያገኘኸው?

ኮሮጆ፦ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው።

ሊቁ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያሉት አንተን አይተው ነው! ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ማንኪያ ይዞ መጥለቅ!

ኮሮጆ፦ ብዙም አይከብድም። ይሄ መርፌና ወፍራም ክር ነው፤ ልብስ ቢቀደድ።

ሊቁ፦ ውሃ ውስጥ ልትሰፋ?

ኮሮጆ፦ እዚህ ላይ ሆኜም እቀደዳለሁ። ይሄኛው እንኳን የኔ አይደለም፤ ይሄ የ...

[ከመጨረሻው ኪስ የታጠፈ ጥቁር ነገር ብቅ አለ። ሊቁ ዓይኑን በእጁ ከለለ።]

ሊቁ፦ በቃኝ! የማንም ይሁን፣ መልሰው! አንተ ጠላቂ ሳትሆን ተንቀሳቃሽ ሱቅ ነህ።

[ኮሮጆ መለሰው። ከውጭ የፈታኟ ፊሽካ አንድ ጊዜ ጮኸ። በሦስተኛው ፊሽካ የመጀመሪያው ተፈታኝ ውሃ ይገባል።]

ኮሮጆ፦ አንድ ነገር ልጠይቅህ?

ሊቁ፦ ጠይቅ፤ ግን አጭር ይሁን።

ኮሮጆ፦ ፈታኟ «ከታች አምስት ብሎን ይዛችሁ ውጡ» ነው የምትለው?

ሊቁ፦ አዎ።

ኮሮጆ፦ ስትወጣ ግራ እጅህ የሰደሪያውን የአየር ቱቦ ይይዛል።

ሊቁ፦ ይይዛል።

ኮሮጆ፦ ቀኝ እጅህ የመውጫውን ገመድ ይይዛል።

ሊቁ፦ ይይዛል! ደንቡ ነው!

ኮሮጆ፦ አፍህም መተንፈሻውን ነክሷል።

ሊቁ፦ ምን ለማለት ፈልገህ ነው?

ኮሮጆ፦ ብሎኑን በምን ትይዘዋለህ?

[ሊቁ ሁለት እጆቹን ገልብጦ ተመለከታቸው። ሦስተኛ እጅ አልተገኘም።]

ሊቁ፦ በ... በዘዴ።

ኮሮጆ፦ ባለፈው በዘዴ ይዘህ ሦስቱ ወደቁ።

ሊቁ፦ ቅባት ነበራቸው! ደሞ ለዛሬ አስቤበታለሁ። ጓንቴ ውስጥ እከታቸዋለሁ። አምስት ጣት፣ አምስት ብሎን።

ኮሮጆ፦ እንዲህ ከሆነማ ጓንቱ ኪስ ሆነ።

ሊቁ፦ ጓንት ጓንት ነው! አታምታታብኝ! [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ስማ፣ እኔ ዛሬ መውደቅ አልችልም። ለእህትህ አልፌያለሁ ብያታለሁ።

ኮሮጆ፦ መቼ?

ሊቁ፦ ባለፈው ወር።

ኮሮጆ፦ ለካ ለዚህ ነው! እኔ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ ሲለኝ የማንን ደስታ እንደሆነ ሳላውቅ አሜን ስል ከረምኩ።

ሊቁ፦ ጎረቤቱ ሁሉ?

ኮሮጆ፦ ዳቦ ሻጩ ሳይቀር።

[ሊቁ ላብ በላብ ሆነ። የጎማ ልብስ ደግሞ ላብ አያስወጣም።]

ኮሮጆ፦ እኔ የምልህ፣ ልብስ ሰፊው ዘንድ ልነግርህ የነበረው ነገር...

ሊቁ፦ እሱን አታንሣብኝ! እዚያም አዋርደኸኛል። ሰውየው «ሁሉንም ልቁረጥ?» ሲለኝ፣ አንተ እንደ ተማሪ እጅህን ታወጣለህ!

ኮሮጆ፦ አንዳንዱ ኪስ እኮ...

ሊቁ፦ ሁሉንም አልኩ፣ ሁሉም ተቆረጠ! ኪስ ኪስ ነው። እኔ እንደ አንዳንዱ ሰው ግማሽ መንገድ ሄጄ አልቆምም።

[ሁለተኛው ፊሽካ። ሁለቱም ተነሥተው ሰደሪያቸውን አጠለቁ። በሩ ሥር መስመጫ ብረቶች ተደርድረዋል። ኮሮጆ ሁለቱን በቀኝ ጎኑ፣ ሁለቱን በግራ ጎኑ ኪስ ከተተና ቀጭ፣ ቀጭ አድርጎ ቆለፋቸው። ሊቁም የራሱን አራት ብረት አንሥቶ ወደ ጎኑ ወሰደ። እጁ ልሙጡ ሰደሪያ ላይ ወደ ታች ተንሸራተተ። እንደገና ሞከረ። እንደገና ተንሸራተተ።]

ኮሮጆ፦ ምነው?

ሊቁ፦ ምንም። እ... ይሄን ብረት የት ነበር የምናስገባው?

ኮሮጆ፦ ኪስ ውስጥ።

ሊቁ፦ የትኛው ኪስ?

ኮሮጆ፦ እጄን ያወጣሁለት ኪስ።

[ሊቁ ብረቶቹን እንደታቀፈ ቆመ።]

ሊቁ፦ ያለ ብረት ብገባስ?

ኮሮጆ፦ የጎማ ልብሱ ያንሳፍፍሃላ። እንደ ቅል ከላይ ትቀራለህ። ጥቅሙ፣ ፊኛ አያስፈልግህም፤ ፈታኟ በደንብ ታይሃለች።

ሊቁ፦ ቀበቶ! የድሮው የብረት ቀበቶ የታለ?

ኮሮጆ፦ «ጊዜ ያለፈበት ነው» ብለህ አለቃውን አሳምነህ አስጣልከው እኮ።

ሊቁ፦ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?

ኮሮጆ፦ ከጠዋት ጀምሮ እጄን የማወጣው አሞኝ መሰለህ? ምናልባት ገጽ አርባ ሦስት ላይም ተጽፎ ይሆናል።

[ሊቁ አግዳሚው ላይ ዘፍ አለ፤ አንካሳው ወንበር በኮሮጆ በኩል ብድግ አለ። አሁን አዋቂነቱ ሁሉ ከፊቱ ላይ ጠፍቶ ሚስቱና ዳቦ ሻጩ ብቻ ይታዩታል። አሳዘነ፤ ኮሮጆ እንኳ አዘነለት።]

ሊቁ፦ አለቀልኝ። ከእንግዲህ እኔና ገመድ ነን። ለእህትህ ምን ብዬ እነግራታለሁ?

ኮሮጆ፦ አንድ ነገር ላሳይህ?

ሊቁ፦ አሁን ደግሞ ሹካ አለህ?

[ኮሮጆ ቅድም «መልሰው» የተባለውን ጥቁር ነገር አውጥቶ ጭኑ ላይ ዘረጋለት።]

ሊቁ፦ ምንድን ነው ይሄ?

ኮሮጆ፦ ኪስህ ነው። ሁለቱም የብረት ኪሶችህ፣ ከነመቆለፊያቸው። ከልብስ ሰፊው ወለል ላይ ለቅሜ ይዣቸው መጣሁ።

ሊቁ፦ ኪሴ... ኪስህ ውስጥ ነበር?

ኮሮጆ፦ ምን ላድርግ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

[ሦስተኛው ፊሽካ ጮኸ። ፈታኟ በመስኮቱ በኩል ጣቷን ወደ ኮሮጆ ቀሰረች።]

ኮሮጆ፦ እኔን ነው የጠራችው። እስክመለስ ግማሽ ሰዓት አለህ። እንካ መርፌ፣ እንካ ክር። የላዩን ጨርቅ ብቻ እየያዝክ ስፋ፤ የውስጡን የአየር ከረጢት እንዳትወጋ። ደግሞ ክሩን ደርበው፤ ብረቱ ከተዘረገፈ አንተ ወደ ላይ፣ ፈቃድህ ወደ ታች።

ሊቁ፦ ቆይ፣ ቆይ! ሰፍቼ አላውቅም እኮ!

ኮሮጆ፦ የማታውቀው ነገር አለ ማለት ነው? ለእህቴ እነግራታለሁ፤ ከፈቃዱ ይልቅ በዚህ ትደሰታለች።

ሊቁ፦ አትቀልድ! በቀኝ እጄ መርፌውን ያዝኩ። በግራ እጄ ሰደሪያውን ያዝኩ። ኪሱን በምን ልያዘው?

ኮሮጆ፦ በአፍህ።

[ሊቁ ሊመልስለት አፉን ከፈተ። ኮሮጆም ጊዜ ሳያባክን ኪሱን አጎረሰው። ሊቁ ነክሶ መስፋት ጀመረ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ከመርፌዋ በቀር የሚሰማ የለም። ኮሮጆ በሩ ላይ ቆሞ ጸጥታውን ጥቂት አጣጣመው፤ «ዝም በል» የሚለውን ሰሌዳም ለዛሬ እንደማይፈልገው አይቶ አግዳሚው ላይ ተወው።]

ኮሮጆ፦ አንተ ግን ኪስ አያስፈልግም ትላለህ! እህቴ ይሄን ብታውቅ ኖሮ፣ ገና በሠርጋችሁ ማግስት ኪስ ትገዛልህ ነበር።