ምርቃት የሞላው ስልክ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ስልካችን ውስጥ ያለችው ጥፍር የማታክል ፍላሽ ሚሞሪ ግን ወጊም ተወጊም ሳትሆን ምንም አትረሳም። የጁባ መብራት ጠፍቶ፣ ጄኔሬተሩ አኩርፎ፣ ባትሪው ደርቆ ቢያድር እንኳ የሰጧትን ይዛ ትጠብቃለች። እንዲህ ያለች አደራ ጠባቂ ጠላት አላት ትላላችሁ? አላት። የጠዋት ምርቃት!

መቼም ታውቁታላችሁ። ገና ዓይናችሁን ሳትገልጡ አበባው፣ መልአኩ፣ «ቀናችሁ ይባረክ» የሚለው ሁሉ ከየግሩፑ ይዘንባል። እዚሁ ጁባ፣ ኮሎሎ ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው ጋሽ መኮንን ከተላከላቸው ምርቃት አንዱንም አጥፍተው አያውቁም። «ቅዱስ ሚካኤልን በየትኛው ጣቴ ላጥፋው?» ይላሉ።

ባለፈው ሰሞን ሐዋሳ ያለችው ልጃቸው በሰላም ተገላገለች። የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ነው። ኔትወርኩ ለቪዲዮ ጥሪ ስለማይበቃ ሕፃኑን ቀርጻ ላከችና «አባዬ፣ ፊቱን አይተህ ስም አውጣለት፤ አንተን እየጠበቅን ነው» አለቻቸው። ነኩት። ስልኩ «ቦታ የለም» አለ። ደግመው ነኩት። ቦታ የለም! ምሳ የምንጠብቀው ሰዎች ተኮልኩለናል፣ ጥብሱ እያረረ ነው፣ እሳቸው ስልኩን ይለማመጣሉ። እኔ ላጥፋልዎ ብል «አንተም ማተብ አስረሃል!» ብለው ነጠቁኝ።

ድንገት ፊታቸው በራ። አጥር የሚጋራቸው ሞባይል ጠጋኙ ታምራት ጴንጤ ነው።

«ና እስቲ አንተ፣ ሥዕል አትፈራም!»

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም ጋሼ። እርስዎም የኔን ያጽዱልኛ!» ብሎ የራሱን ስልክ አወጣ። ለካ የሱም በፓስተሩ ስብከት እስከ አፍንጫው ሞልቷል፤ እሱም ማጥፋቱን አልደፈረም።

ተለዋወጡ። ጋሽ መኮንን ስብከት ሲያጠፉ ብታዩዋቸው በቆሎ የሚፈለፍሉ ይመስላችሁ ነበር። ታምራትም አልሰነፈም። እኔ በሳቅ ከወንበሬ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ሁለቱም ሃይማኖታቸውን ሳያስነኩ ስልኮቹ ተነፈሱ።

ቪዲዮው ተከፈተ። ሕፃኑ አፉን ከፍቶ አዛጋ። ጋሽ መኮንን አለቀሱ፣ እኛ አጨበጨብን፣ ያረረውንም ጥብስ ማንም ሳያጉረመርም በላነው። ወዲያው ደወሉና «ታምራት በሉት!» አሉ። ይኼኔ ደግሞ ጠጋኙ ዓይኑን መጥረግ ጀመረ።

ወሬው ግሩፕ ገባ። «እንኳን ማርያም ማረቻት» የሚል አበባና መልአክ ከጁባ፣ ከሐዋሳ፣ ከየትም ከየትም ጎረፈ። ገና ከገበታው ሳንነሳ ልጃቸው ሌላ ቪዲዮ ላከች፤ «ሲያስነጥስ ነው» ብላም ጽፋለች። ጋሽ መኮንን ነኩት። አሁንም ቦታ የለም! ታምራት ወደ ሱቁ ተመልሶ ነበርና ወደ አጥሩ ዞረው ተጣሩ።

«ትልቁ ታምራት! ስልክህን ይዘህ ና!»