ቀኙ ፓራፋንጎ

አንድ ነገር አሻሽሎ ከዚያ በኋላ አርፎ የተቀመጠ ሰው ካለ አምጡልኝና ልየው። እኔ በበኩሌ አርፌ አላውቅም። በሩን ሳሠራ ግድግዳው ያስቀይመኛል፤ ግድግዳውን ሳስለስን ጣራው ያናድደኛል። ይህ ጠባይ ለወንደላጤ ክፉ ነው፤ ማኪና ላለው ወንደላጤማ መዓት ነው።

ማኪና ስል የዋዛ እንዳይመስላችሁ። ጣሊያን ሲወጣ ጎንደር ጥሎት የሄደ፣ ለእሽቅድምድም የተሠራ፣ ባለ ሁለት መቀመጫ ቀይ ማኪና ነው። ዝቅ ከማለቱ የተነሣ ውስጡ የተቀመጠ ሰው የመንገደኛውን ጉልበት እንጂ ፊት አያይም። ልኩ ጎማ ቢጠፋ ከአንድ የተጣለ ማኪና ላይ ሰፋፊ ጎማ ከነቸርኬው አስነቅዬ አስገጠምኩለት። ጎማው ግን ጭቃ ከሚከላከለው ላሜራ፣ ከፓራፋንጎው ሥር፣ ወጥቶ ቀረ። ከዚያ ወዲያ በዝናብ ቀን ጎንደር አራዳ ላይ ነጭ ለብሶ ንጹሕ እንደሆነ ቤቱ የገባ ሰው ካለ፣ እኔ በዚያ አላለፍኩም ማለት ነው።

ስድቡ ሲበዛብኝ ላሜራ ሠራተኛው ወዳጄ ኑሩ ዘንድ ሄጄ ፓራፋንጎዎቹን አስፋልኝ አልኩት። ኑሩ በልክ የሚሠራ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ። ሰፊ፣ ጠፍጣፋ፣ ጠንካራ አድርጎ ሠራቸውና፣ ሰው ቢቀመጥበት እንኳ አይጎብጥም ብሎ ራሱ ተቀምጦ አሳየኝ። ምነው ባልተቀመጠ!

በዚያ ሰሞን የምሆነውን አጥቼ ነበር። ከጎንደር ወጣ ብሎ ኮሶዬ በሚባለው አገር ጥሩወርቅ የምትባል ልጅ አለች፤ እሷን ካየሁ ወዲህ እህልም አልበላ ብሎኛል። አንድ የዳባት ሰው እሷን ለማጨት ለእሁድ ሽማግሌ ሊልክ ነው ሲሉ ሰማሁ። እኔ ለቅዳሜ ሦስት ሽማግሌ አሰናዳሁ። ባለ ሁለት መቀመጫ ማኪና ሦስት ሽማግሌ እንዴት ይጭናል ብሎ ማሰብ የጤነኛ ሰው ሥራ ነው።

በዕድሜ ታላቅ የሆኑት አያ ተገኘ ማኪናውን ዞረው አዩና፣ ሸጋ መደብ ነው ብለው ቀኙ ፓራፋንጎ ላይ ጉብ አሉ። መሪጌታ አድማሱ ማዕረጋቸውን አስበው ግራው ላይ ወጡ። ሦስተኛውን፣ አያ ባየህን፣ ውስጥ ይግቡ ብላቸው፣ እኔ ከእነሱ እግር ሥር ልቀበር ወይ ብለው ተቆጡ። በስንት ልመና ከኋላ በኩል ጋቢያቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ከጎኔ ያለው መቀመጫ ባዶውን፣ ሽማግሎቹ ውጭ፣ እኔ ብቻዬን ውስጥ ሆነን ጉዞ ጀመርን። ትንሽ ፈጠን ስል አያ ተገኘ ልትደፋኝ ነው ወይ ይላሉ። በቅሎ የሚነዱ ነጋዴዎች ጤና ይስጥልኝ እያሉ አለፉን። አለፉን ነው የምላችሁ፤ የእሽቅድምድም ማኪና!

የልጅቱ አባት አያ ዋሴ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። መቼም ሽማግሌ ልጅ ሲጠይቅ እሺ እስኪባል ቆሞ እንጂ ተቀምጦ አይለምንም። ይውረዱ እንጂ ብዬ አንሾካሾክሁ። ማን ይውረድ? ከበቅሎ ቀድሞ ወርዶ ታላቁን የሚደግፈው ታናሽ ነው፤ አያ ተገኘ በዕድሜ፣ መሪጌታ በማዕረግ፣ አያ ባየህ በኩርፊያ፣ ታናሽ የሚሆን ጠፋ። በመጨረሻ ሦስቱም እንደተቀመጡ ልመናውን ጀመሩት።

አያ ዋሴ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ፣ እናንተ ተቀምጣችሁ ከለመናችሁ እኔ ቆሜ እምቢ ብል ምን ነውር አለው ብለው በሩን ዘጉት።

የዳባቶቹ ሳይደርሱ ብዬ በማግስቱ ማለዳ ሽማግሎቹን ካደሩበት ቤት በእግራቸው ወሰድኳቸው። ቆሙ። ፀሐይ ወጥታ ጤዛው ደረቀ፤ አሁንም ቆሙ። መሪጌታ አጥሩን ሲደገፉ በሩ ተከፈተና አያ ዋሴ እሺ አሉ፤ ብቻ አንድ ነገር አለኝ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ርስት ወይም በሬ ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ያለኝን ማስላት ጀመርኩ።

ከሠርጉ በፊት ጎንደር ታወርደኛለህ፤ አራዳን ሳቋርጥ ቀኙ ፓራፋንጎ የእኔ ነው አሉኝ።

አያ ተገኘስ ብላቸው፣ እሱማ ከጧት ጀምሮ መቆም ለምዷል አሉ።