የፒያሳው የጎልፍ አሰልጣኝ

በየሰፈሩ የሰው እጅ ሥራ ላይ አይቶ ዝም ማለት የማይሆንለት አንድ ሰው አለ። ሚስማር ስትመታ «እንዲህ አይደለም» ይልሃል፤ በር ስትከፍት «ቁልፉን ወደዚህ አዙረው» ይልሃል። የእኛ ሰፈር ግን ዕድለኛ ነው፤ የእኛው ሰው የሚያርመን በጎልፍ ነው።

ክቡር አሰልጣኝ ጋሽ አባይነህ ጡረታ ከወጡ በኋላ ስልካቸው ላይ የጎልፍ ቪዲዮ ማየት ጀመሩ። ቀጥሎ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ አንድ የጎልፍ ዱላ ገዙና በከዘራ ፋንታ እየተመረኮዙት ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ይወርዱ ጀመር። ትምህርታቸው አንድ ነው። የዱላው ራስ ኳሱን በሚነካባት ቅጽበት እጅ ከኳሱ አልፎ መገኘት አለበት፤ ብረቱ ከኋላ እየተጎተተ ይመጣል። የእጅ አንጓ ቶሎ ከተለቀቀና ብረቱ ከቀደመ፣ በቃ፣ ኳሱ ሞቷል። ይህን ሁሉ ባጭሩ «እጅ ይቅደም፣ ብረት ይዘግይ!» ይሉታል።

ጎረቤታችን ከሪማ አጥር ላይ የሰቀለችውን ምንጣፍ በዱላ ስታራግፍ ጋሽ አባይነህ ቆም ይላሉ።

«ከሪማ፣ አንጓሽን ቶሎ ለቀቅሽው።»

«ጋሼ፣ አቧራው እየወጣ ነው አይደል?»

«ይወጣል፤ ግን አይበርም!»

ባለ ሥጋ ቤቱ ሽኩር መጥረቢያውን አጥንት ላይ ሲያነሣ «እጅ ይቅደም!» ብለው ከበር ይጮኹበታል። «ጋሼ፣ እጄ ከቀደመማ ጣቴንም አብሬ መመዘኔ ነው» ይላቸዋል ሽኩር። ቀብር ላይ እንኳ አፈር ወደሚመልሰው ሰው ጠጋ ብለው ስለ አካፋ አያያዙ በሹክሹክታ ሲያስረዱት አይቻለሁ። ሰውየው የሟች ዘመድ መስለውት «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አላቸው። የሰፈሩን ወግ ጋዜጣ ላይ የምጽፈው እኔማ ማኪያቶዬን ሳማስል የአንጓዬ ነገር ይነሣል።

ባለፈው ዓመት፣ ቢሮ የሚሠራው ጎረቤታችን ዕዝራ፣ መሥሪያ ቤቱ ጎልፍ ሜዳ ላይ የቤተሰብ ቀን ሲያዘጋጅ ጋሽ አባይነህን፣ ሽኩርንና እኔን ጋበዘን። መንገዱን ሁሉ ጋሽ አባይነህ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ሄዱ። በሩ ላይ ስንደርስ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «ሣሩ እንዲህ ሰፊ ነው እንዴ?» አሉኝ። በሕይወታቸው የጎልፍ ሜዳ ረግጠው እንደማያውቁ ያኔ ገባኝ።

ተራቸው ደረሰ። ባርኔጣቸውን አስተካከሉ፣ ለተሰበሰበው ሰው የእጅ አቀማመጡን አስረዱ፣ ዱላውን አንሥተው ሰነዘሩ። ብረቱ ከኳሱ ኋላ መሬቱን ቆፈረ፤ ኳሱ ንቅንቅ አላለም። ደገሙ። አሁን ኳሱ እንደ ሎሚ ተንከባሎ የሽኩር ጫማ ሥር ቆመ። የዕዝራ አለቃ ሳቀ፤ ከዚያ ሜዳው ሁሉ ሳቀ። ስናሾፍባቸው የኖርነው የሰፈር ሰዎች ግን መሬት መሬቱን አየን። ሽኩር ኳሱን አንሥቶ ኪሱ ከተተው፤ ሌላ ሙከራ እንዳይጠይቋቸው።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ አባይነህ ከቤት አልወጡም። ሰፈሩ የፈለገውን እንደፈለገው ይመታ ጀመር፤ የሚናገረው የለም። መጀመሪያ ተመቸን። ቀጥሎ ደበረን። ሽኩር ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ላይ አስቆመኝና፣ «ወንድሜ፣ አጥንት ስሰብር የሚጮህብኝ ሲጠፋ ሱቁ ባዶ ሆነብኝ» ብሎ ያን ኳስ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

ኳሱን ይዤ አፍንጮ በር ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ ጸሎት በሩን ከፍተውልኝ፣ «በቅጡ እንኳ አይበላም፤ ያንን ብረት አልጋ ሥር ከቶታል» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ጋሽ አባይነህ ግቢው ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል።

«ልትጽፍብኝ ነው የመጣኸው?» አሉኝ።

«ልማር ነው የመጣሁት።»

«ከእኔ? በዓይንህ አይተህ የለ እንዴ!»

«አየሁ፤ ያስረዱት ሁሉ ግን ልክ ነበር።»

እጃቸውን ዘርግተው እንደ ሰው ዕቃ ተመለከቱት። «ነገሩን አውቀዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ዓይኔ ያየዋል። ይኼ እጅ ነው እምቢ የሚለኝ።»

«እንግዲያውስ በእኔ እጅ ይሞክሩት።»

እጄን ይዘው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ተነሥተው ገቡና ዱላውን ይዘው ወጡ። ከኋላዬ ቆመው መዳፌን በመዳፋቸው ሸፈኑ፣ አንጓዬን አጠፍ አደረጉ፣ ትከሻዬን መለሱ። «አትቸኩል። እኔ አለሁ» አሉኝና ለቀቁኝ።

መታሁ። ኳሱ ከመሬት ተነሥቶ ሽው ብሎ በረረና የሳሎኑን መስኮት ሰብሮ ገባ።

እኔ በድንጋጤ ደረቅሁ። ጋሽ አባይነህ ግን አንገቴን አቅፈው ይዘሉ ጀመር። «በረረ! ጸሎት፣ በረረ እኮ! አየሽው?» የራሳቸው ኳስ ደመና ቢነካ እንኳ እንዲህ የሚደሰቱ አይመስለኝም።

እትዬ ጸሎት ኳሱን ይዘው በተሰበረው መስኮት ብቅ አሉ። ይቆጣሉ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው የሚያዩት ግን ባለቤታቸውን ነበር፤ ፊታቸው በላብ አብረቅርቆ እንደ ልጅ የሚስቁትን ባለቤታቸውን። ኳሱን ወረወሩልን፤ ደህና የቀረውን መስኮት ወለል አድርገው ከፈቱና፣

«በሉ፣ ቀጣዩን በዚህ በኩል አስገቡት» አሉን።