በሕይወት ላሉት ሚስተር ዴንሎ የሕይወት ታሪክ ስለማንበብ

ቅዳሜ ኦክቶበር 17 ቀን 1987፣ ኦክላንድ፣ በአቶ ጥሩነህ ጋራዥ። ከአምስቱ የኮሚቴ አባላት አራቱ ተገኝተዋል። ወ/ሮ ሀረገወይን ከሳን ሆዜ መጥተው ፓርኪንግ ይፈልጉ ስለነበር፣ መኪናቸው ሁለት ጊዜ ስታልፍ በመታየቷ እንደተገኙ ተቆጥረው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

የተገኙ፦
አቶ ጥሩነህ፣ ሰብሳቢ፣ ባለ ታክሲ
አቶ ዘይኑ፣ አባል
ወ/ሮ ሀረገወይን፣ አባል (ከላይ እንደተገለጸው)
ወ/ት ወይንሸት፣ አባል፣ የሚስተር ዴንሎ አስታማሚ
አምሐ፣ ጸሐፊ፣ በሌለሁበት የተመረጥኩ

አጀንዳ 1፦ ታላቁን ደራሲ ስለማመስገን

ሰብሳቢው እንደገለጹት፣ ኤል ሴሪቶ የሚኖሩት ስመ ጥሩ አሜሪካዊ ደራሲ ሚስተር ዴንሎ ለኢሚግሬሽን በጻፉት ደብዳቤ የወ/ት ወይንሸት ወንድምና የአቶ ዘይኑ ባለቤት ከሱዳን ካምፕ ወጥተው እዚህ ገብተዋል። አዳራሽ ተይዞ እንዲመሰገኑ ያለ ተቃውሞ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ የሕይወት ታሪካቸው ስለመነበቡ

ሃሳቡን ያቀረቡት አቶ ዘይኑ ናቸው። በዚህ ጊዜ የገቡት ወ/ሮ ሀረገወይን ገና ሳይቀመጡ፣ «የሕይወት ታሪክ የሚነበበው ለሞተ ሰው ነው! እሳቸው ቁጭ ብለው እያዩን?» ሲሉ ተቃወሙ። አቶ ዘይኑ፣ «አማርኛ አይሰሙም እኮ» አሉ። ወ/ሮ ሀረገወይን፣ «ፊታችንን ሲያዩ ይገባቸዋል» አሉ።

ከረዥም ውይይት በኋላ ታሪኩ እንዲነበብ፣ ሆኖም አንባቢው ጥቁር እንዳይለብስና ማንም በስተመጨረሻ «ነፍሳቸውን ይማር» እንዳይል ተወሰነ። አፉን ያዳለጠው አባል አሥር ደቂቃ ውጭ ይቆማል።

አጀንዳ 3፦ በታሪኩ ውስጥ ምን እንደሚጻፍ

ከዘጠኙ ልብ ወለዶቻቸው አንዱንም የጨረሰ አባል አልተገኘም። ሰብሳቢው ቀይ መብራት በያዛቸው ቁጥር እያነበቡ ሦስተኛው ገጽ መድረሳቸውን ሪፖርት አደረጉ። ስለ ምን እንደሆነ ሲጠየቁ፣ «እስካሁን ዝናብ እየዘነበ ነው» ብለዋል። «ዘጠኝ ግሩም መጻሕፍት ደርሰዋል» ተብሎ እንዲጻፍ በሦስት ድምፅ ጸደቀ። ጸሐፊው ድምፀ ተአቅቦ አድርጓል፤ ወ/ት ወይንሸት እጃቸውን አላወጡም።

ምክንያቱን ሲጠየቁ የሚከተለውን ተናግረዋል፦ «ሚስተር ዴንሎ አዳራሽ አይችሉም። ሜሞሪያቸው ሄዷል። ጠዋት ጠዋት ሥራቸው ምን እንደነበረ ይጠይቁኛል። ራይተር ነዎት እላቸዋለሁ። ‹ጎበዝ ነበርኩ?› ይሉኛል። አዎ እላለሁ፤ ግን አላነበብኩም፣ እያፈርኩ ነው የምለው። እኔ የማውቀው ደብዳቤውን ነው። እሱን ስነግራቸው በጣም ደስ ይላቸዋል። በማግስቱ ደግሞ የለም።»

ሰብሳቢው የተወሰነው ሁሉ እንደገና እንዲታይ ጠየቁ። ይህ ኮሚቴው ከተቋቋመ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ወ/ሮ ሀረገወይን ማልቀሳቸው እንዳይመዘገብ ጠይቀው ተቀባይነት አላገኙም።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በአጀንዳ 1፣ 2 እና 3 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። አዳራሽ አይያዝም፤ ንግግር አይደረግም። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በደብዳቤያቸው ከመጡት አንዱ ኤል ሴሪቶ ሄዶ ፊት ለፊታቸው ይቀመጥና ማን እንደሆነ፣ እንዴት እንደመጣ ይንገራቸው። የመጀመሪያው ተራ የወ/ት ወይንሸት ወንድም ነው። በማግስቱ ስለሚረሱት ውሳኔው በየቀኑ እንደ አዲስ ይፈጸማል።

ስብሰባው ከቀኑ 8፡20 ተበትኗል።