ስልኬን ከተቀማሁ በኋላ

ጡረታ የወጣ ሰው ምን ቢያይ ያምርበታል? ዜና? እኔ ግን ምንጣፍ ሲታጠብ ነበር የማየው። መሳቅ ካማራችሁ ሳቁ። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ጡረታ ስወጣ ግን ስልኬን ይዤ የምንጣፍ ቪዲዮ አይ ነበር። አገሩን የማላውቀው ሰውዬ ጭቃ የጠገበ ምንጣፍ ይዘረጋል፣ ውሃ ይለቅበታል፣ ያሸዋል፣ በመጨረሻ ከሥሩ ቀይ አበባ ብቅ ይላል። እሱ ሲያልቅ ሌላ ይመጣል። የአሰላ ብርድ እግሬን እያደረቀው እንኳ ተነስቼ ካልሲ አላደርግም ነበር።

ባለቤቴ ፅጌ ሱስ ነው ትል ነበር። እኔ ደግሞ የፈለግኩ ቀን አቆማለሁ እል ነበር። እስከዚያ አልፈለግኩማ!

አንድ ማለዳ ፅጌ የታመመች እህቷን ልትጠይቅ ጎበሳ ሄደች። ላማችን ቀኗ ደርሶ ነበር። ፅጌ ስትወጣ ደጋግማ አደራ አለችኝ፤ ዓይንህን ከላሟ ላይ እንዳትነቅል፣ ምጥ ከጀመራት ሐጂ ከድርን ጥራ። ሐጂ ከድር አጥር የምንጋራ ጎረቤታችን ናቸው፤ ስለ ከብት የእሳቸውን ያህል የሚያውቅ በሰፈሩ የለም።

እሺ አልኩና በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ላሟ ፊት ለፊቴ ናት፤ ይህን ልብ በሉልኝ። እኩለ ቀን ላይ አንድ ምንጣፍ መጣ፤ እንዲህ ያለ ቆሻሻ በዕድሜዬ አላየሁም። ሰውዬው ግማሹን እንዳጠበ ፅጌ ደወለች። ዘጋሁባት። ደግማ ደወለች። ደግሜ ዘጋሁባት። ትንሽ ቆይቶ ሐጂ ከድር በአጥሩ ቀዳዳ ሾልከው እየሮጡ ገቡ። ለካ እኔን ብታጣኝ ለእሳቸው ደውላለች።

ቀና ስል የጥጃዋ የፊት እግሮች ወጥተዋል፤ ጭንቅላቷ ግን ተሰንቅሯል። ሐጂ እጅጌያቸውን ሰብስበው እንድጎትት አዘዙኝ። ጎተትን። ጥጃዋ ወጣች፤ ግን አትተነፍስም። ሐጂ አፍንጫዋን በጭድ ነካኩ፣ ደረቷን አሹ። ከብዙ ጭንቅ በኋላ አስነጠሳትና ተነፈሰች። ሐጂ እጃቸውን እየታጠቡ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣

"መምህር፣ ፊት ለፊትህ እኮ ልትሞት ነበር" አሉኝ።

አፈርኩ። ይህን አልክድም።

ፅጌ በማግስቱ ተመልሳ ሽማግሌ ሰበሰበች። ሐጂ ከድርም አሉበት። መከሩኝ፣ ገሠጹኝ፤ በመጨረሻ ስልኩ ቁምሳጥን ውስጥ ይቆለፍ፣ ቁልፉም ፅጌ ዘንድ ይሁን አሉ። በጥጃዋ ጥፋተኛ ነኝ፣ ሱሰኛ የሚባለውን ግን አልቀበልም አልኳቸው። ስልኩን እያስረከብኩ፣

"ያለ እሱ መኖር እንደምችል ታያላችሁ" አልኩ።

ታዲያ ዓይን ሥራ ይፈልጋል አይደል? የመጀመሪያውን ቀን ግድግዳ አየሁ። በሁለተኛው ቀን ፅጌን አየሁ። ሽንኩርት ስትከትፍ አጠገቧ ቆምኩ። አከታተፏ እኩል አይደለም፤ ነገርኳት። እሳቱ በዝቷል አልኳት። ስልክ ስታወራ ማን ነው፣ ምን አለ፣ ለምን አለ እያልኩ ጠየቅኳት። ገበያ ስትሄድ ጋቢዬን ደርቤ ተከተልኳት፤ የደንበኛዋን ድንች አንድ በአንድ አገላብጬ ስመርጥ ሴትየዋ ተቆጣች። ይኸው እስከ ዛሬ ከፅጌ ጋር ተኳርፈዋል። የማሰሮዎቿን መደርደሪያም በቁመት በቁመት አስተካከልኩላት። የምትፈልገውን አጥታ ግማሽ ቀን ስትዞር ዋለች።

በሁለተኛው ሳምንት ፅጌ ራሷ ቁምሳጥኑን ከፈተች። ስልኩን ቻርጅ አድርጋ አጠገቤ አስቀመጠችው።

"በናትህ፣ ትንሽ እንኳ እየው" አለችኝ።

አልነካሁትም። ምን ብዬ ነበር? ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። ትናንት ሐጂ ከድር መጥተው፣ ያን ጊዜ ሳንቸኩል አልቀረንም፣ ሰው ጥቂት መዝናኛ ያስፈልገዋል ምናምን አሉኝ። አክብሬ፣ እስከ በር ሸኝቼ መለስኳቸው። የዳነ ሰው ወደ ሱስ አይመለስም።

አሁን ግን ይቅርታ አድርጉልኝ። ፅጌ ጎመን እየቀቀለች ነው፤ ክዳኑን ያለ ጊዜው የከፈተችው መሰለኝ።