የማማ ንጄሪ ሳህን

እኛ ኢትዮጵያውያን ናይሮቢ ገብተን ሻንጣችንን ሳንፈታ የምንናገራት አንዲት ነገር አለች፤ «እኛ እኮ ተገዝተን አናውቅም»። ለታክሲ ነጂው እንነግረዋለን፣ ለዘበኛው እንነግረዋለን፣ ለጥርስ ሐኪሙም መቆፈሩን እስኪጨርስ ታግሠን እንነግረዋለን። እናንተም ብላችኋታል፤ አትሸሹ። ክፋት የላትም። ብቻ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚባል ማናችንም አናውቅም።

የኬንያ የነፃነት በዓል ዕለት ነው። ኪሌሌሽዋ ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ ከጎረቤት ራዲዮ የሚመጣውን ማርሽ በግማሽ ጆሮ እየሰማሁ፣ እንቅልፍም ሐሳብም በማይባል ነገር ውስጥ አገሬ ደርሼ ነበር። በር ተንኳኳ። ፊት ለፊታችን የሚኖሩት አሮጊት፣ ማማ ንጄሪ፣ አበባ በተሣለበት ሳህን ቻፓቲ የሚሉትን ቂጣ ይዘው ቆመዋል።

«ባባ ሶሊያና» አሉኝ፤ እዚህ አባት የሚጠራው በልጁ ስም ነው። «ይኸው የነፃነታችን። የእናንተስ መቼ ነው? ሳህኑን ያን ቀን ትመልስልኛለህ።»

«እኛ የለንም ማማ፤ ተገዝተን አናውቅም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እሳቸው ግን አልተቀየሙም፤ በሩን ተደግፈው ስለ አባታቸው አጫወቱኝ። እንግሊዞች ሲያስሯቸው ማማ ንጄሪ ጡት አልጣሉም ነበር። አባትየው ሲፈቱ፣ አንድ የማያውቁት ሰውዬ ግቢ ገብቶ በስማቸው ቢጠራቸው ሮጠው እናታቸው ቀሚስ ውስጥ ተደበቁ።

«ለእኔ ነፃነት ያ ሰውዬ ነው» አሉኝ። «እስክለምደው ጊዜ ፈጅቶብኛል።»

ሳህኑ እኛ ዘንድ ቀረ። መቼም የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ነውር ነው። ሞልቼ እንዳልመልሰው ደግሞ የነፃነታችን ቀን ተብሎ ተቆርጦብኛል። የድል ቀንማ ሞልቶናል፤ ድል ግን የሚነግረን ማን ተባርሮ እንደወጣ ነው፤ ማማ ንጄሪ ያጫወቱኝ ማን ቤቱ እንደገባ ነው። እኛ ደግሞ የወጣን ነን። ሶሊያና አያቷን የምታውቃቸው በስልክ ብቻ ነው፤ አንድ ቀን ደጃቸው ብንደርስ እሷም እናቷ ቀሚስ ውስጥ መግባቷ አይቀርም።

ወራት አለፉ። ማማ ንጄሪ ከከተማው ማዶ ኢምባካሲ፣ ልጃቸው ቤት ሊገቡ ነው ተባለ። በዚህ ከተማ ያለ ጉዳይ በሬን የሚያንኳኳ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሳህናቸውን እንደያዝኩ ሊለዩኝ ነው ብዬ ጨነቀኝ። ሚስቴ የእኔን በዓል አልጠበቀችም። ድፎ ዳቦ ቆርሳ ሳህኑን ሞላችና «በል ሂድ» አለችኝ።

ማማ ንጄሪ ከካርቶኖቻቸው መሀል ተነሥተው ከፈቱልኝ። ሳህኑን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ነፃ ወጣችሁ እንዴ?»

«ገና ነን ማማ። የወጣው ሳህኑ ብቻ ነው።»

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ዳቦውን አንድ በአንድ አነሡና ባዶውን ሳህን መልሰው እጄ ላይ አኖሩት።

«እንግዲያስ ያን ቀን ኢምባካሲ ድረስ ታመጣልኛለህ።»

ይኸው ወጥ ቤታችን መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ሶሊያና ሩዝ ልትበላበት ስታነሣው «ተይው ልጄ፣ እሱ ቀጠሮ አለበት» እላታለሁ።