ግማሽ የተሠራ ጋማ

ፀጉር ሠሪዬን እቴነሽን ታውቋታላችሁ? ባታውቋት እንኳ ዓይነቷን ታውቃላችሁ። ሁለት ጉንጉን ትጀምርላችሁና «መጣሁ የኔ ቆንጆ» ብላ ሌላ ደንበኛ ልትይዝ ትሄዳለች። ግማሽ ራሷን የተሠራች ሴት ወዴት ትሄዳለች?

ባለፈው ቅዳሜ፣ ቤቴል ካለው ፀጉር ቤቷ በር ላይ አንድ ሰውዬ ነጭ ፈረስ ይዞ ቆመ። ፈረሶች በሥርዓት ሲራመዱ ዳኞች ነጥብ የሚሰጡበት ውድድር አለበት። ፈረሱ ደግሞ ጋማው ተጎንጉኖ መግባት አለበት፤ ዘወትር የሚጎነጉንለት ሰው ታሞበታል።

እቴነሽ ምን ገዷት! ለፈረሱ ሁለት ጉንጉን ጀመረችለትና አንገቱን መታ መታ አድርጋ፣ «መጣሁ የኔ ቆንጆ፣ እንዳትነቃነቅ!» ብላ ወደ አንዲት ሚዜ ዞረች።

«እህቴ፣ ውድድሩ ሊጀመር ነው እኮ!» አለ ሰውዬው። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

«ጨርሻለሁ እኮ ጋሼ!»

ምኑን ነው የጨረሰችው? ፈረሱ በኮቴው መሬቱን ይደበድብ ጀመር። እኛ ተራ ጠባቂዎቹ ወንበራችንን ወደ ኋላ ሳብን። ቢራገጥስ? መስታወቱስ? እኛስ? እቴነሽ ግን ዘወር ብላም ሳታየው፣ ሌላ ሴት ልትጀምር ማበጠሪያዋን አነሳች። ይኼኔ ፈረሱ ልጓሙን ከሰውዬው እጅ መንጭቆ፣ ሁለቱን ጉንጉን እንዳንጠለጠለ ወደ አየር ጤና ሸመጠጠ። ባለቤቱም እየጮኸ ተከተለው።

እቴነሽ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። «ወይ እንስሳ! ትንሽ እንኳ መታገሥ አያውቅም» አለች።

እኛም ግማሽ የተሠራ ራሳችንን እየነቀነቅን «እውነትሽን ነው» አልናትና መጠበቃችንን ቀጠልን።